አሮጌውን ኮምፒውተር እንዳለ በአዲሱ ውስጥ ማስነሳት፦ የዲስክ ቱ ቪኤችዲ ግምገማ ከጅማ

ዲስክ ቱ ቪኤችዲ ማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ በሚባለው የመሣሪያዎች ስብስቡ ውስጥ በነጻ የሚያቀርበው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሥራው በአገልግሎት ላይ ያለን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ከነዊንዶውሱ፣ ከነፕሮግራሞቹና ከነሰነዶቹ አንብቦ ወደ አንድ የቨርቹዋል ዲስክ ፋይል መገልበጥ ሲሆን፣ ይህ ፋይል አንዱን ኮምፒውተር በሌላው ውስጥ በሚያስነሱት ፕሮግራሞች፣ በቨርቹዋልቦክስ ወይም በሃይፐር-ቪ፣ ሲከፈት አሮጌው ኮምፒውተር በአዲሱ ስክሪን ላይ እንደ አንድ መስኮት ሆኖ እንዲነሳ ይጠበቃል። በጅማ በጥገና ሥራዬ ለተለያዩ ቢሮዎችና ሱቆች ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ በመገልበጡ በኩል እንከን የማይወጣለት፣ በማስነሳቱ በኩል ግን ተጠቃሚውን ብቻውን የሚተው መሣሪያ ነው።

በከተማችን ለዚህ ሥራ ምክንያት የሚሆነው ብዙ ጊዜ የሒሳብ ኮምፒውተር ነው። ከመርካቶ እስከ አጂፕ ባሉት የቡና አቅራቢዎች፣ የመድኃኒት አከፋፋዮችና የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴዎች ቢሮ ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ሥር አቧራ የጠገበ ዴስክቶፕ፣ በውስጡም ዊንዶውስ 7ና ከዓመታት በፊት የተጫነ ፒችትሪ የተባለ የሒሳብ ፕሮግራም ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ፒችትሪ ሴጅ 50 ተብሎ ስሙ ከተለወጠ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ የእኛ አገር የሒሳብ ሠራተኛ ሠልጥኖ የሚወጣበትም ሆነ በሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚጠየቀው አሁንም በድሮ ስሙ ነው። የፕሮግራሙ ሲዲ ጠፍቷል፤ የጫነው ልጅ አዲስ አበባ ገብቷል፤ የመመዝገቢያ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የድርጅቱን የሒሳብ ፎልደር ብቻ ገልብጦ በአዲስ ቨርዥን መክፈት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን አዲሱ ቨርዥን ፋይሉን ወደ ራሱ ቅርጽ ከለወጠው በኋላ በአሮጌው መልሶ መክፈት ስለማይቻል፣ ሙከራው ባይሳካ የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን ለዓመታት ጠብቆ እንዲያቆይ ስለሚያዝ፣ ያለፈው አልፏል ብሎ የቆየውን ሒሳብ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ መጣል አይታሰብም።

ሌላው ምክንያት የአማርኛ ጽሑፍ ነው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ የተተየቡ ደብዳቤዎች፣ ውሎችና ቃለ ጉባኤዎች ፊደላቸው የተመሠረተው በፕሮግራሙ በራሱ ፎንት ላይ በመሆኑ፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆነው ይወጣሉ። አሮጌው ዊንዶውስ እንዳለ ከተዛወረ ግን ደብዳቤው እንደ ድሮው ይነበባል፤ ታርሞም ይታተማል። በአንጻሩ ደንበኛው የሚፈልገው ፎቶዎቹንና የዎርድ ፋይሎቹን ብቻ ከሆነ፣ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይበቃዋልና ከዚህ በታች የምዘረዝረው ጣጣ ውስጥ ባይገባ እመክራለሁ።

መሣሪያውን የሠሩት ማርክ ሩሲኖቪችና ብራይስ ኮግስዌል ናቸው። ሁለቱ ሲስኢንተርናልስን እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመሩ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ድርጅታቸውን በ2006 ገዝቶታል፤ ዲስክ ቱ ቪኤችዲም በ2009 ወጣ። ከአንዳንድ መሰል መሣሪያዎች የሚለየው ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ መገልበጥ መቻሉ ነው። ይህንንም የሚያደርገው ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ሻዶው ኮፒ የተባለ አሠራር በመጠቀም ሲሆን፣ ዊንዶውሱ የዲስኩን የዚያን ቅጽበት መልክ ይይዝና ፕሮግራሙ ከዚያ ላይ ያነባል፤ ተጠቃሚው በዚያ መካከል የሚጽፈው አዲስ ነገር ቅጂው ውስጥ አይገባም። በንድፈ ሐሳብ ሠራተኛው ሥራውን እየሠራ ቅጂው ከበስተጀርባ ሊካሄድ ይችላል። እኔ ግን የሒሳብ ፕሮግራም ባለበት ኮምፒውተር ላይ ይህን አልፈቅድም፤ ግማሹ የተመዘገበ ደረሰኝ በቅጂው ውስጥ ምን መልክ ይዞ እንደሚገኝ አስቀድሞ ማረጋገጥ ስለማይቻል፣ ፒችትሪ በሁሉም ተጠቃሚዎች ዘንድ ተዘግቶ ቢጀመር ይሻላል።

ፕሮግራሙ ኢንስታል አይደረግም፤ ከዚፕ ፋይሉ ወጥቶ በአድሚኒስትሬተር መብት ይከፈታል፤ የሚታየውም አንድ መስኮት ብቻ ነው። ከላይ የሚቀመጥበትን ቦታ መጻፊያ፣ በአጠገቡ ምልክት የሚደረግባቸው ሁለት ምርጫዎች፣ ከሥር ደግሞ የዲስኩ ክፍሎች ዝርዝር ከነስፋታቸውና ከነባዶ ቦታቸው ይገኛሉ። ከዝርዝሩ መካከል ሲ ድራይቭን ማንም ያውቀዋል። ከእሱ በላይ ወይም በታች ግን የድራይቭ ፊደል የሌለው፣ በቅንፍ ውስጥ የተደረደረ ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ብቻ የሚታይበት፣ ስፋቱ በዊንዶውስ 7 ላይ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋባይት የሆነ መስመር አለ። ሰው ይህን ሲያይ የማይረባ መስሎት ምልክቱን ያነሳል። ነገር ግን ዊንዶውስ እንዲነሳ የሚያደርገው የቡት ማናጀር ያለው እዚያ ነው፤ ያንን ትቶ ሲ ድራይቭን ብቻ መውሰድ ቁልፉን ሳይቀበሉ ቤት እንደ መረከብ ነው። በዚያው ዲስክ ላይ ያለውን ዲ ድራይቭ ግን፣ ፊልምና ሙዚቃ ብቻ የያዘ ከሆነ፣ መተው ይቻላል፤ መሣሪያው የዲስኩን አከፋፈል እንዳለ ጠብቆ የተመረጡትን ክፍሎች ይዘት ብቻ ስለሚገለብጥ የፋይሉ መጠን በእጅጉ ይቀንሳል።

ከሁለቱ ምርጫዎች አንዱ ሻዶው ኮፒ ሲሆን ምልክቱ እንዳለ ይተው። ሌላው ቅጂው በአዲሱ የቪኤችዲኤክስ ቅርጽ ይሁን ወይ የሚለው ነው። ቪኤችዲኤክስ እስከ 64 ቴራባይት የሚደርስ ዲስክ መያዝ የሚችል፣ ለሃይፐር-ቪ የተመቸ ቅርጽ ነው፤ የድሮው ቪኤችዲ ግን ከ2 ቴራባይት አያልፍም። ይሁን እንጂ ቨርቹዋልቦክስ ቪኤችዲኤክስን ማንበብ እንጂ በላዩ ላይ መጻፍ ስለማይችል፣ በቨርቹዋልቦክስ ሊጠቀም ያሰበ ሰው ይህን ምልክት ማንሳት አለበት። መስኮቱ ስለዚህ ልዩነት አንድም ማብራሪያ አይሰጥም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ደግሞ ሰዓታት የፈጀበትን ቅጂ ይዞ ሄዶ ሲከፍተው እንቢ ይለዋል። አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ መጨመር ምን ያህል ይከብድ ነበር?

ቅጂው የሚቀመጥበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም አስቀድሞ መታየት አለበት። ብዙዎቹ ፍላሾችና አንዳንድ ኤክስተርናሎች የተዘጋጁት ፋት 32 በሚባለው የድሮ የፋይል አደረጃጀት ነው፤ ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ሺህ ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖረውም ቅጂው መካከል ላይ ይቆማል። መፍትሔው ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው አደረጃጀት ፎርማት ማድረግ ነው። ቅጂውን እየተገለበጠ ባለው በዚያው ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሆኖም አንዱ ዲስክ በአንድ ጊዜ እያነበበም እየጻፈም ስለሚጨነቅ እጅግ ይዘገያል።

ስለ ፍጥነቱ ስንናገር በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ የሚወስነው ዩኤስቢው ነው። ዩኤስቢ 2 በተግባር በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ገደማ ቢያስተላልፍ ነውና፣ 100 ጊጋባይት መረጃ ያለበት ዲስክ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ዲስኩ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። በጅማ ይህ አንድ ሰዓት ቀላል አይደለም። መሣሪያው ከቆመበት የመቀጠል ችሎታ ስለሌለው መብራት ከጠፋ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል፤ ስለሆነም ባትሪው የደከመ ዩፒኤስ ያለበት ቢሮ ውስጥ ከመጀመር ጄኔሬተር ወዳለበት ቦታ ማዛወር ይመረጣል። የክረምቱ እርጥበትም ሌላ ፈተና ነው። ከቆየበት ጥግ የወጣ ዴስክቶፕ ሲለኮስ ጩኸት ብቻ ካሰማ ራሙን አውጥቶ እግሮቹን በላጲስ ማሸት የከተማችን ጥገና ቤቶች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ይህን ቅጂው ከመጀመሩ በፊት አድርጎ ኮምፒውተሩ ለተወሰነ ጊዜ ሳይጠፋ መሥራቱን ማየት ያስፈልጋል። ዲስኩ ራሱ የሚንኳኳ ወይም የተበላሸ ሴክተር ያለበት ከሆነ ግን ይህ መሣሪያ ለዚያ አልተሠራም፤ አስቀድሞ ዲዲ ሬስኪዩን በመሰለ የማዳኛ ፕሮግራም ወደ ጤነኛ ዲስክ መገልበጥ ይቀድማል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቀላሉ ክፍል ነው። ቅጂው አልቆ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ በቨርቹዋልቦክስ አዲስ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚነሳ ኮምፒውተር፣ ሲፈጠርና ፋይሉ እንደ ነባር ዲስክ ሲያያዝ፣ ብዙ ሰው የሚያየው የዊንዶውስን አርማ፣ ወዲያውም ሰማያዊ ስክሪን ነው፤ በሰማያዊው ስክሪን ግርጌ ያለው የስህተት ቁጥር በ7ቢ የሚያልቅ ከሆነ ትርጉሙ ዊንዶውሱ የተነሳበትን ዲስክ ማግኘት አቃተው ማለት ነው። ቅጂው አልተበላሸም። ዊንዶውስ 7 ሲጫን በዚያን ጊዜ ለነበረው የዲስክ መቆጣጠሪያ የሚያስፈልገውን ድራይቨር (ዊንዶውስ ከዕቃው ጋር የሚግባባበትን ትንሽ ፕሮግራም) ብቻ ከመነሻው እንዲጫን አድርጎ ሌሎቹን ስለሚያስተኛቸው፣ ድንገት ሌላ ዓይነት መቆጣጠሪያ ላይ ሲነሳ ድራይቨሩ አይነቃም። ቨርቹዋልቦክስ ለዊንዶውስ 7 በራሱ የሚመርጠው ሳታ የተባለውን የዲስክ መቆጣጠሪያ ነው፤ አሮጌው ኮምፒውተር ግን በድሮው በአይዲኢ ዘዴ ይሠራ የነበረ ከሆነ ዲስኩን ከሳታው ነቅሎ በአይዲኢ መቆጣጠሪያ ላይ ማያያዝ ብቻውን ችግሩን ይፈታዋል። የተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው።

ነገር ግን አሮጌው ኮምፒውተር የአምራቹን የራሱን የዲስክ ድራይቨር ይጠቀም ከነበረ ሁለቱም ላይሠሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ እኔ የምከተለው መንገድ ችግሩን ከምንጩ ማድረቅ ነው። ቅጂው ከመጀመሩ በፊት በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስን ውስጣዊ ቅንብሮች መለወጫ የሆነው ሬጂስትሪ ኤዲተር ይከፈትና፣ በሲስተም ሥር፣ በከረንት ኮንትሮል ሴት ውስጥ፣ ሰርቪስስ ከሚለው ዝርዝር ኤምኤስኤኤችሲአይ፣ ኤታፒአይ፣ ኢንቴልአይዲኢና ፒሲአይአይዲኢ የተባሉት አራቱ ይፈለጋሉ፤ የእያንዳንዳቸው ስታርት የሚለው ዋጋ 3 ሆኖ ከተገኘ ወደ 0 ይለወጣል። 3 ማለት ሲጠራ ይምጣ ማለት ሲሆን፣ 0 ደግሞ ከመነሻው ይጫን ማለት ነው። ለውጡ አሮጌውን ኮምፒውተር አይጎዳውም፤ ቅጂው ግን በሳታም በአይዲኢም መነሳት ይችላል። ዲስክ ቱ ቪኤችዲ ይህን ራሱ ቢያደርግ፣ ወይም ቢያንስ ላድርግልህ ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ከዚህ በላይ የሰጠሁትን ፍርድ ባልሰጠሁ ነበር።

ሁለተኛው የመነሳት እንቅፋት ኮምፒውተሩን ሲበራ የሚያስነሱት የሁለቱ ዘዴዎች፣ የድሮው የባዮስና የአዲሱ የዩኢኤፍአይ፣ ልዩነት ነው። ዊንዶውስ 8ና ከዚያ በኋላ ያለው ተጭኖባቸው የተሸጡ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው በዩኢኤፍአይ የሚነሱ ሲሆኑ፣ የዊንዶውስ 7 ዘመን ዴስክቶፖች ደግሞ በአብዛኛው በባዮስ ይነሳሉ። ቨርቹዋል ማሽኑም እንደ ምንጩ መዘጋጀት አለበት። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ዲስክ ማኔጅመንት በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ውስጥ ኢኤፍአይ ሲስተም ፓርቲሽን የሚል ክፍል ከታየ በቨርቹዋልቦክስ የኢኤፍአይ ምርጫው ይከፈታል፤ ካልታየ ይዘጋል። በሃይፐር-ቪ ደግሞ ለባዮስ ጄኔሬሽን 1፣ ለዩኢኤፍአይ ጄኔሬሽን 2 ይመረጣል፤ ማሽኑ ከተፈጠረ በኋላ ይህን መለወጥ ስለማይቻል የተሳሳተ ሰው አጥፍቶ እንደገና ይፈጥራል።

ሦስተኛው ደግሞ የመሣሪያው መመሪያ ራሱ የሚያስጠነቅቅበት፣ ነገር ግን ሰው የማያነበው ነጥብ ነው። ቅጂው ተሳክቷል ወይ ብሎ ለማየት ፋይሉን በዚያው በተገለበጠበት ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማያያዝ አይገባም። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መለያ ስላላቸው ዊንዶውስ ግጭቱን ለማስወገድ ለቅጂው አዲስ መለያ ይሰጠዋል፤ በቅጂው ውስጥ ያለው የቡት መረጃ ግን የድሮውን መለያ ሲፈልግ ስለሚቀር ማሽኑ አይነሳም።

እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ውጤቱ ያስደስታል። በአንድ የቡና አቅራቢ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛዋ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ በተከፈተው መስኮት ውስጥ የራሷን የልጇን ፎቶ ከጀርባ፣ በጎኑ ደግሞ የጻፈቻቸውን ቢጫ ማስታወሻዎች ስታይ፣ “ወይ ጉድ፣ የሰኔው ማስታወሻዬ ሳይቀር አለ!” ብላ የመጀመሪያ ሥራዋ ፒችትሪን ከፍታ የባንክ ሒሳቡን ቀሪ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ነበር። ደንበኛ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ እወዳለሁ፤ ማሽኑ ስለተነሳ ብቻ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም።

የላይሰንስን ነገር መሸፋፈን አይገባም። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የተሸጠ የዊንዶውስ ላይሰንስ ለዚያው ዕቃ የተሰጠ እንጂ ወደ ቨርቹዋል ማሽን የሚዛወር ስላልሆነ፣ ዊንዶውሱ የዕቃው ለውጥ ሲገባው እንደገና ይነቃ ብሎ ይጠይቃል። በክራክ የነቃው ደግሞ የቀድሞውን ኮምፒውተር ባዮስ በማስመሰል የነቃ ሊሆን ስለሚችል አዲሱ ማሽን ላይ ይከዳል፤ አንዳንዱ እንዲያውም መነሳቱን ራሱን ያበላሻል። ሌሎች ፕሮግራሞችን በተመለከተ፣ የሲ ድራይቭን የክፍል መለያ ቁጥር የሚመለከቱት ቁጥሩ አብሮ ስለሚገለበጥ አይናወጡም፤ የኔትወርክ ካርዱን አድራሻ ለሚመለከቱትም በቨርቹዋልቦክስ የኔትወርክ ማስተካከያ ውስጥ የድሮውን አድራሻ መጻፍ ይቻላል። የሃርድ ዲስኩን የፋብሪካ ቁጥር የሚጠይቅ ፕሮግራም ግን በዚህ አይታለልም።

ከአማራጮቹ መካከል የቪኤምዌር ኮንቨርተር ከዚህ የተሻለ ጎን አለው፤ ገልብጦ ብቻ አይተውም፣ ቅጂው በአዲሱ ማሽን ላይ እንዲነሳ ድራይቨሩን ራሱ ያስተካክላል። በአንጻሩ ከባድ ነው፤ ቪኤምዌርም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በብሮድኮም ከተገዛ ወዲህ ፕሮግራሞቹን ለማውረድ አካውንት መክፈትና በረጅም ገጾች ውስጥ መፈለግ ግድ ሆኗል። ክሎንዚላ ደግሞ ከፍላሽ የሚነሳ፣ ነጻ፣ ሊኑክስንም ዊንዶውስንም የሚገለብጥ ነው፤ ዲስክ ቱ ቪኤችዲ ለሊኑክስ ኮምፒውተር ምንም ስለማይፈይድ በዚያ በኩል ምርጫው ክሎንዚላ ነው። የኮምፒውተሩን መጥፋት ይጠይቃል፤ ጥቁር ስክሪኑና የጥያቄዎቹ ብዛትም ያልለመደውን ሰው ያስፈራዋል። ለአንድ የዊንዶውስ 7 የሒሳብ ኮምፒውተር ግን የሬጂስትሪውን ማስተካከያ ለሚያውቅ ሰው ከዲስክ ቱ ቪኤችዲ የሚቀል አላገኘሁም።

ተቀባዩ ኮምፒውተር ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ቢኖረው ለ32 ቢቱ ዊንዶውስ 7 2 ጊጋባይት ሰጥቶ በምቾት መሥራት ይቻላል። ቨርቹዋልቦክስ በዝርዝሩ ውስጥ የ32 ቢት ምርጫዎችን ብቻ ካሳየ ወይም ማሽኑን አላስነሳም ካለ፣ በተቀባዩ ባዮስ ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽን ምርጫው ተዘግቷል ማለት ነውና ገብቶ መክፈት ነው፤ ሁለተኛ እጅ ሆነው በሚመጡ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ተደጋግሞ ያጋጥማል። የቅጂው ፋይል 60 ጊጋባይት ቢሆንም ማሽኑ ራሱን የሚያየው እንደ ድሮው ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ስለሆነ፣ ሲጠቀሙበት እያደገ ሊሄድ ይችላል፤ ተቀባዩ ዲስክ ከሞላ ማሽኑ በመካከሉ ይቆማል። በዩኤስቢ የሚሠራ ፕሪንተር ወደ ማሽኑ ማሳለፍ ይቻላል፤ በፓራለል ገመድ የሚሠራ የድሮ ኤፕሰን ላለው ቢሮ ግን ወደ ፒዲኤፍ አትሞ ከተቀባዩ ኮምፒውተር ማውጣት ይቀላል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን የደኅንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ያቆመ በመሆኑ፣ ለቨርቹዋል ማሽኑ ኢንተርኔት አልከፍትለትም፤ ፋይል የሚለዋወጠው በሼርድ ፎልደር ብቻ ነው። አሮጌው ኮምፒውተርና ቅጂው አንድ ስም፣ የድሮው የካርድ አድራሻ ለቅጂው ከተጻፈለት ደግሞ አንድ የኔትወርክ አድራሻ ስለሚኖራቸው ሁለቱን በአንድ ኔትወርክ ላይ አብሮ ማስነሳትም ያጋጫል። የሒሳብ ሠራተኛው አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ በቅጂው ላይ ሠርቶ እስኪጨርስ ድረስ አሮጌው ዲስክ ሳይነካ፣ ሳይሸጥም፣ ፎርማትም ሳይደረግ ይቀመጥ፤ የቪኤችዲ ፋይሉም አንድ ተጨማሪ ቅጂ ከቢሮው ውጭ ይኑረው።